ሴንትሪ ወይስ ሴንቲነል? ዘበኛን በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የአሠራር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሲበዛባት የጥበቃ ቅጥሩም አብሮ በዛ። ማስታወቂያው በአማርኛ ይለጠፋል። ሲቪው ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጠየቃል። ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። ስልኩን ከፍቶ «ዘበኛ» ብሎ የፈለገ ሰው ጋርድ፣ ዋችማን፣ ሴንትሪ፣ ሴንቲነል የሚሉ ቃላት ተደርድረው ይመጡለታል። የትኛውን ይውሰድ? ብዙው ሰው ከበድ ያለ የሚመስለውን ይወስዳል። ሰምቶት የማያውቀው ቃል የተማረ ሰው ቃል ይመስለዋላ!

ከአራቱ በጣም የሚያምታቱት ሴንትሪና ሴንቲነል ናቸው። መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ሴንትሪን ስትፈልጉ «ዘብ የቆመ ወታደር» ይላችኋል። ሴንቲነልን ስትፈልጉም ያንኑ ይደግምላችኋል። አንዳንዱማ አንዱን በሌላው ይፈታዋል። ውሸት አይደለም። ግን እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ሁለቱን አንድ ቦታ አያውላቸውም።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሲቪ ለሚጽፍ፣ ለአስጎብኚ፣ ለተማሪና ለተርጓሚ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ትጨርሳላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሁለቱም የማያስፈልጉ መሆን አለመሆኑን እዩ

ከሁሉም የሚጠቅመው ደረጃ ይኼ ነው። የምትጽፉት ስለ ደመወዝተኛ የጥበቃ ሠራተኛ ከሆነ ቃሉ «ሴኩሪቲ ጋርድ» ነው። አለቀ። የብርድ ልብስ ፋብሪካም ይሁን የቢራ ፋብሪካ፣ ባንክም ይሁን ዩኒቨርሲቲ፣ በር ላይ መታወቂያ አይቶ፣ ቦርሳ ፈትሾ የሚያስገባው ሰው ሴኩሪቲ ጋርድ ነው። ሥራው የሌሊት ብቻ ከሆነ «ናይት ጋርድ» በሉት። «ዋችማን»ም ያስኬዳል። ነገር ግን ቃሉ አርጅቷል፤ መጋዘን ወይም የግለሰብ ግቢ የሚጠብቅ ጋቢ የለበሰ ሰው ነው የሚታየው።

ሲቪው ላይ «ሴንቲነል ነበርኩ» ብሎ የጻፈ ሰው ቀጣሪውን ፈገግ ያሰኘዋል። ቃሉ ቅኔ ቅኔ ይላል። በአማርኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ «ለአምስት ዓመት ጉበኛ ሆነው አገልግለዋል» የሚል ብታነቡ ምን ትላላችሁ? እንደዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጡረታ የወጡ ሰው ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገቡ እንበል። ጸሐፊዋ ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ጥበቃ ነዋ፣ ልጄ።»

«የት የት ሠሩ?»

«መጀመሪያ ወታደር ነበርኩ። ካምፕ በር ላይ ዘብ እቆም ነበር። ከጡረታ ወዲህ ደግሞ እህል መጋዘን እጠብቃለሁ።»

ጎበዝ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቆም ትላለች። ጋሼ «ጥበቃ» ብለው የጠቀለሉት ነገር በእንግሊዝኛ ሁለት ቦታ ይከፈላል። የካምፑ ሥራ «ሴንትሪ ዱቲ» ነው። የመጋዘኑ ሥራ «ሴኩሪቲ ጋርድ» ነው። ሲቪው ላይ ሁለቱን በየመስመራቸው ለይታ ብትጽፍ ሰውዬው የውትድርና ልምድ እንዳላቸው ቀጣሪው ወዲያው ያያል። ሁለቱንም «ጋርድ» ብላ ብታልፍ ስህተት የለውም፤ ግን ያን ጥቅም ታስቀርባቸዋለች። ሁለቱንም «ሴንቲነል» ብትላቸው ደግሞ ምንም አልጠቀመቻቸውም።

ደረጃ 2፦ «በር ነው ወይስ ዓይን?» ብላችሁ ጠይቁ

ጋርድ አልበቃ ካለ ወደዚህ ጥያቄ ሂዱ። የምትጽፉለት ሰው ዋና ሥራው አንድን መግቢያ መያዝ ነው? ወይስ ከሩቅ የሚመጣን ነገር ቀድሞ ማየት?

በር ከሆነ ሴንትሪ። ዓይን ከሆነ ሴንቲነል።

በርግጥ በር የሚጠብቅም ያያል፤ ሩቅ የሚያይም መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ጥያቄው ክብደቱ የት ላይ ነው የሚል ነው። በአንኮበር እንየው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር በኩል የሚመጣ እንግዳ ዝም ብሎ ቤተ መንግሥት አይደርስም ነበር። ታች ቆላው ላይ ይያዝና የንጉሡን ፈቃድ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ከዚህ አላመለጠም። እንግዲህ ያን መግቢያ ይዞ «ቁም! ከየት ነህ?» የሚለው ባለ ጦር በእንግሊዝኛ ሴንትሪ ነው። ተራራው አናት ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲነሣ ወይም ጭስ ሲታይ ወደ ግቢ ወሬ የሚልከው ሰው ደግሞ ሴንቲነል ይሆናል። አንኮበር የምታስጎበኙ ልጆች ይኼን ልዩነት ብትይዙት ትረካችሁ ያምራል። ከእልፍኝ ደጅ ያለውን ሰው ግን ከሁለቱም አውጡት። እሱ በረኛ ነው፤ «ጌትኪፐር» ወይም «ዶርኪፐር» ይባላል።

ደረጃ 3፦ ሴንትሪ ከሆነ አጃቢ ቃላቱን አብራችሁ ያዙ

ሴንትሪ ብቻውን ብዙም አይሄድም። ዘብ የሚቆምበት ቦታ «ሴንትሪ ፖስት» ነው። ዝናብና ፀሐይ የሚከላከልላት፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቆመው ጠባብ ቤት «ሴንትሪ ቦክስ» ትባላለች። ለንደን በቤተ መንግሥቱ ፊት ቀይ ለብሰው፣ ትልቅ ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው የሚቆሙት ወታደሮች አጠገብ ያለችው እሷ ናት። ተረኛ ሆኖ መቆም «ኦን ሴንትሪ ዱቲ» ነው። ዘብ ማቆም «ፖስት ኤ ሴንትሪ» ይባላል። እነዚህ ሐረጎች ውስጥ ሴንቲነልን መተካት አትሞክሩ። ሰው ይገባው ይሆናል፤ ጆሮው ግን ይቆረቁረዋል።

ሴንትሪ የሚለው ቃል ተረኝነትንም ይዟል። የለንደኖቹ ዘቦች ሁለት ሰዓት ቆመው ይለወጣሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምልምሎቹን በቃል የሚያስጠናቸው 11 የሴንትሪ ትእዛዞች አሉት። ከነሱ አንዱ በሥርዓቱ ካልተለወጥክ ቦታህን አትልቀቅ ይላል። የኛም ወታደር ይኼን ያውቀዋል። ተተኪው ሳይደርስ ጥሎ የሄደ ዘብ ምን እንደሚጠብቀው ለማንም ወታደር አይነገርም።

ስለዚህ ፈተናችሁ ቀላል ነው። ሰውዬው ወታደር ወይም እንደ ወታደር የተደራጀ ነው? የተሰጠችው ቁራጭ ቦታ አለች? ተራው ሲያልቅ ሌላ ሰው ይተካዋል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ አይምሮአችሁን አታድክሙ። ሴንትሪ ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ሴንቲነልን ቆጥባችሁ ተጠቀሙ

ሴንቲነል ከሴንትሪ ትንሽ ይቀድማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጣልያንኛ ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ሴንትሪ በ17ኛው መጀመሪያ ላይ ብቅ አለ፤ ከዚያው ከሴንቲነል አጥሮ የወጣ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። (እኛም ከጣልያን ዋርድያን ወስደናል። ዘብ ላይ ጣልያንኛ ያልደረሰበት አገር የለም መሰል።) ሁለቱ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አይለያዩም ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሴንትሪ ወደ ካምፕ ሄደ፤ ሴንቲነል ወደ መጽሐፍ፣ ወደ ሐውልትና ወደ ሳይንስ ሄደ።

ለሴንቲነል በጣም የሚቀርበው የአማርኛ ቃል «ጉበኛ» ይመስለኛል። በትንቢተ ሕዝቅኤል ያለው ጉበኛ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከት ይነፋል። ካየና ዝም ካለ ደሙ ከእጁ ይፈለጋል። መንገድ አይዘጋም፣ መታወቂያ አይጠይቅም። ያያል፤ ያስጠነቅቃል። የጥንቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ የኪንግ ጄምስ ማለት ነው፣ እሱን ዋችማን ይለዋል። ከአዲሶቹ ትርጉሞች ውስጥ ሴንቲነል ያሉት አሉ። ለሰባኪዎች ይጠቅማል፦ ጉበኛን ሴንትሪ ብላችሁ አትተርጉሙት።

እንስሳ ላይም ሴንቲነል ይሠራል። መንጋው ሲግጥ አንዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ሲቃኝ የእንስሳት ተመራማሪዎች «ሴንቲነል» ይሉታል። ሰስን አስቡት። በገደል ጫፍ ላይ በጥንድ ይኖራል። አንደኛው ሲበላ ሌላው ቀና ብሎ ያያል። ነብር ወይም ቀበሮ ካየ በጩኸት ያስጠነቅቃል። ወደ መንዝ ጓሳ ወይም ወደ አንኮበር ገደል ቱሪስት ይዛችሁ ስትሄዱ ይኼን ብታገኙ ቃሉ በትክክል ቦታው ነው። ሴንትሪ ግን አይባልም። ሰስ ተረኛ የሚያወጣ አሥር አለቃ የለውማ።

አሁን ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ። የቱሪዝም ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች ተራራን ሁሉ ሴንቲነል ማድረግ ይወዳሉ። ጣርማበር ሴንቲነል፣ እመጓ ሴንቲነል፣ የቤተ ክርስቲያን ጽድ ሴንቲነል። በእንግሊዝኛ ይቻላል፤ ስህተት አይደለም። ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው እስኪሰለቻቸው ያሉት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ካላችሁት ሁለተኛ አትድገሙት። ጣርማበር ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ማየት ምን እንደሚመስል ብትነግሩት አንባቢው የበለጠ ያመሰግናችኋል። ጉሙ፣ ብርዱ፣ ታች ያለው ሙቀት። ይኼ ሁሉ ካለ ሴንቲነል ምን ያደርጋል?

ደንቡን የሚያፈርስ የሚመስል አንድ ነገር አለ፤ እሱን ላንሣ። አሜሪካ አርሊንግተን በሚባለው መካነ መቃብር ያልታወቀው ወታደር መቃብር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ሌት ተቀን ወታደር ይጠብቀዋል። ዘቡ 21 እርምጃ ይራመዳል፣ 21 ሰከንድ ይቆማል፣ ይመለሳል። ተረኝነት አለ። የተሰጠ ቦታ አለ። መሣሪያ አለ። በደረጃ 3 መሠረት ሴንትሪ መሆን ነበረበት። ስማቸው ግን ሴንቲነል ነው። ለምን? ሥራው በር መያዝ አይደለም፤ ክብር መስጠት ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ክብር ሲፈልግ ረዥሙንና የቆየውን ቃል ያነሣል። የለንደኖቹ ዘቦች ግን፣ ቱሪስት የሚያየው ትርኢት ቢሆኑም፣ እስከ ዛሬ ሴንትሪ ናቸው። ቤተ መንግሥት ውስጥ እውነተኛ ንጉሥ አለ፣ በሩም እውነተኛ በር ነው።

እንግዲህ ሥነ ሥርዓት፣ ሐውልት፣ መታሰቢያ ላይ የሚቆም ዘብ ሲገጥማችሁ «በር ነው ወይስ ዓይን?» የሚለው ጥያቄ ላይ «ወይስ ክብር?» የሚል ጨምሩበት። ክብር ከሆነ ሴንቲነል ያምርበታል።

ደረጃ 5፦ የሙያ ቃል ከሆነ ምርጫ የላችሁም

አንዳንድ ቦታ ላይ ቃሉ ታትሞ አልቋል። መለወጥ አይቻልም። አብዛኛው የሴንቲነል ድርሻ ነው።

ጤና ላይ «ሴንቲነል ሰርቬላንስ» የሚባል አሠራር አለ። በአገሩ ያለውን ጤና ጣቢያ ሁሉ ከመከታተል ይልቅ የተመረጡ ጥቂት ጣቢያዎች ይያዛሉ። እነሱ ላይ በሽታው ሲጨምር ሲቀንስ ይታያል። በአገራችን የኤች አይ ቪ ስርጭት ለረዥም ጊዜ የተገመተው እርግዝና ክትትል የሚመጡ እናቶችን በዚህ መንገድ በማየት ነበር። ለወባም ያው ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ካሉ ጤና ጣቢያዎች አንዱ ለክትትል ቢመረጥ ቦታው «ሴንቲነል ሳይት» ይባላል። ወደ አማርኛ ስትመልሱት «የዘበኛ ጣቢያ» እንዳትሉ አደራ! «የናሙና ቅኝት ጣቢያ» ማለት ይሻላል። የሆስፒታል ሪፖርት ላይ «ሴንቲነል ኢቨንት» ካያችሁ ደግሞ በሕክምና ወቅት በበሽተኛ ላይ የደረሰ፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ያስከተለ ክስተት ማለት ነው። ካንሰር ላይ «ሴንቲነል ኖድ» የሚባለው ካንሰሩ ሲሠራጭ መጀመሪያ የሚደርስበት የሊምፍ እጢ ነው። ሦስቱም ውስጥ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ቀድሞ ያየ፣ ቀድሞ የተነካ፣ ሌላውን የሚያስጠነቅቅ።

የካርታና የግብርና ተማሪዎች ደግሞ የአውሮፓን ሳተላይቶች ታውቃላችሁ። ሴንቲነል 1 በራዳር ያያል፤ የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣች። ሴንቲነል 2 በ2015 ተከተለች፤ እስከ 10 ሜትር ድረስ ለይታ ታሳያለች። ምስሉ በነፃ ይገኛል። የሞረትንና የጅሩን ጥቁር አፈር እርሻ በየወቅቱ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ስሙ ለምን ሴንቲነል እንደሆነ አሁን ገባችሁ። ሰማይ ላይ ያለ ዓይን ነው።

ፕሮግራሚንግ የጀመራችሁ ልጆችም ትገናኙታላችሁ። ተጠቃሚው የሰው ዕድሜ እየደጋገመ ያስገባል፤ ጨረስኩ ለማለት −1 ይጽፋል። ያቺ −1 «ሴንቲነል ቫልዩ» ትባላለች። ፈተና ላይ ሴንትሪ ብላችሁ ብትጽፉ ነጥብ ይቀነሳል።

የተጸውዖ ስም ግን ለደንብ አይገዛም። የአሜሪካ አየር ኃይል ጀርባው ላይ ትልቅ የሚሽከረከር ክብ ራዳር የተሸከመ፣ ሩቅ የሚያይ አውሮፕላን አለው። ሥራው ንጹሕ የዓይን ሥራ ነው። ስሙ ግን ኢ-3 ሴንትሪ ነው! የቴስላ መኪና ቆማ ሳለች ዙሪያዋን በካሜራ የምትጠብቅበት ዘዴም «ሴንትሪ ሞድ» ነው። አሜሪካ ውስጥ ሴንቲነል የሚባሉ ጋዜጦች በየከተማው አሉ። ስምን እንዳለ ገልብጡት። አትከራከሩት።

ደረጃ 6፦ የአገራችንን ሥራ በሌላ ሰው ቃል አትሸፍኑት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሴንትሪም ሴንቲነልም የማይሆኑ ጠባቂዎች ብዙ ናቸው። መንዝ ጓሳን ውሰዱ። የመንዝ ሰው ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ በጋራ ውሳኔ ይከፈታል። ዛሬ እየዞሩ የሚጠብቁት የማኅበረሰቡ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ «ስካውት» ነው የሚባሉት። በኢትዮጵያ ፓርኮች ሁሉ የተለመደው ቃል ይኼ ነው። «ዋርደን» እንዳትሉ ተጠንቀቁ። ፓርክ ውስጥ ዋርደን ማለት ኃላፊው ነው። አሜሪካ እስር ቤት ውስጥም ዋርደን የሚባለው የእስር ቤቱ አለቃ እንጂ ቁልፍ የያዘው ጠባቂ አይደለም። ስካውት የነበረ ሰው ዋርደን ብሎ ከጻፈ ራሱን ሾመ ማለት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ጉድ ይፈላል።

ቆላው ላይ ማማ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቀው ልጅስ? «ሉክአውት» ይባላል። ሥራውን መግለጽ ከፈለጋችሁ «ክሮፕ ጋርዲንግ» በሉ። ልብ ወለድ ከጻፋችሁ ሴንቲነል ልትሉት ትችላላችሁ፤ የፕሮጀክት ሪፖርት ላይ ግን አይሆንም።

ሰፈር ውስጥ በተራ ሌሊት የሚዞረው ሮንድ «ኔበርሁድ ዎች» ወይም «ናይት ፓትሮል» ነው። የሚዞር ሰው ሴንትሪ አይደለም። ባለሥልጣን አጅቦ የሚሄደው «ኤስኮርት» ወይም «ቦዲጋርድ» ነው። ኬላ ላይ መኪና የሚፈትሸውን «ቼክፖይንት ጋርድ» በሉት። ወታደር ከሆነና የቆመበት ቦታ ላይ ማተኮር ከፈለጋችሁ ሴንትሪ ብትሉትም ያስኬዳል። የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ደግሞ አንድ ወጥ ስም አለው፤ «ኢምፔሪያል ቦዲጋርድ» ተብሎ በታሪክ መጻሕፍት ተቀምጧል። ሌላ አትፍጠሩለት።

ደረጃ 7፦ አጻጻፉንና ድምፁን አስተካክሉ

ሴንትሪ ኤስ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፣ አር፣ ዋይ ብሎ ይጻፋል። ሲበዛ ዋይዋ ትወድቅና አይ፣ ኢ፣ ኤስ ይተካታል። ጆሮ ላይ «ሴንቸሪ» ከሚለው፣ ከክፍለ ዘመን ማለት ነው፣ ጋር ይቀራረባል። በስልክ ለሚያስጽፍ ሰው ይኼ ትልቅ አደጋ ነው። «ሁለት ሴንትሪ በሩ ላይ ቆመ» ያለው «ሁለት መቶ ዓመት በሩ ላይ ቆመ» ይሆንበታል። ስለዚህ ሆሄውን አስቆጥሩ።

ሴንቲነል መጨረሻው ላይ ያለው ኤል አንድ ብቻ ነው። በኤስ ነው የሚጀምረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች በሲ ተጽፎ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ያኔ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ግን በሲ መጻፍ ስህተት ነው። ሁለቱንም ቃላት ስታነቡ የመጀመሪያውን ክፍል ጫን በሉት፤ «ሴን» ላይ።

«ዘብ ቆመ» ለማለት «ስቱድ ሴንትሪ»ም «ስቱድ ሴንቲነል»ም ይባላል። ሁለተኛው የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። ካመነታችሁ «ስቱድ ጋርድ» በሉ። ይቺ የትም አታሳፍርም።

ደረጃ 8፦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስትመልሱ

ሴንትሪ ሲገጥማችሁ «ዘብ» በሉ። ተራ ያለበት ከሆነ «ተረኛ ዘብ»። የድሮ ጦር ትረካ ከሆነ «ዋርድያ»ም ደስ ይላል። «ዘበኛ» የሚለው ቃል የሰፈር ግቢ ጠባቂን ስለሚያስታውስ ለወታደር ያንሳል።

ሴንቲነልን ግን በአንድ ቃል አትጨርሱትም። ከጦሩ ወጣ ብሎ የሚቃኝ ወታደር ከሆነ «ቃፊር» ቆንጆ ቃል ነው፤ ብዙ ሰው ረስቶታል እንጂ። መንፈሳዊ ጽሑፍ ከሆነ «ጉበኛ»። እንስሳ ከሆነ «ጠባቂ» ወይም «ቃኚ» ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሉ። የሕክምናና የኮምፒውተር ቃል ከሆነ ድምፁን እንዳለ ጻፉና ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

እስቲ እጃችሁን ሞክሩ። የባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ የሚቆም ሠራተኛ? ሴኩሪቲ ጋርድ፤ ባንክ ወታደር አያቆምም። ካምፕ በር ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የተተካ ወታደር? ሴንትሪ። ጓሳ ውስጥ ከብት ያስገባ ሰው የያዘ የማኅበረሰብ ጠባቂ? ስካውት። ድንጋይ ላይ ቆሞ ንስር ሲያይ የሚጮህ ሽኮኮ? ሴንቲነል። ቀን በር የሚከፍት፣ ማታ አጥር የሚዞር የትምህርት ቤት ጥበቃ? ጋርድ። የመጨረሻው ትንሽ ያከራክራል፦ ተራራ አናት ላይ ተመድቦ የጠላት ጦር ሲመጣ እሳት አንድዶ ምልክት የሚሰጥ ወታደር። እኔ ብሆን ሴንቲነል እላለሁ፤ የተቀመጠው ወሬ ሊያደርስ እንጂ መንገድ ሊዘጋ አይደለም። የምትተረጉሙት መቶ አለቃው ለበላዩ የላከውን ደረቅ ሪፖርት ከሆነ ግን ሴንትሪ ብላችሁ እለፉት።